የሰማያዊዋ ፔጆ ሁለት መስመሮች

ዛሬ ጠዋት የወንድሜ የልጅ ልጅ ምስጋና ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ መጣ። በዓል የለም። የታመመ ሰው የለም። እኔን ደግሞ ስኳር ሐኪም ከከለከለኝ ቆይቷል፤ እሱም አሳምሮ ያውቃል። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «እማማ ማርታ፣ ቁርስ በልተሻል?» አለኝ። በልቻለሁ አልኩት። «በደንብ በልተሻል?» አለ ደግሞ። የተቀቀለውን የቦይና ሥር በዳታ በርበሬ እያጠቀስኩ ሳህኑን ጠርጌ በላሁ አልኩት። «ጎሽ፣ እንደዛ ነው» ብሎ ወደ ግቢ ወጣና የመኪናውን ጎን መፈተግ ጀመረ። ያቺ አረንጓዴ ቪትዝ ከገዛት ጊዜ ጀምሮ ግራና ቀኟ ላይ ቀይ ሸንተረር ተለጥፎባት ነበር፤ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ድረስ «ባለ ቀይ መስመሩ ልጅ» ነው የሚሉት። አሁን በጥፍሩ እየላጠ፣ የቀረውን ሙጫ በላምባ በተነከረ ጨርቅ እያሸ ያነሳዋል። «መስመሩ ምን አደረገህ?» ስለው፣ «ኧረ ምንም! አስጠላኝ» አለ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር። ፊቱን ሳያዞር የሚመልስልኝን ሰው አላምንም። ሰፈሩ ተጠራጣሪ ይለኛል፤ ይበለኝ። ስኳር ይዞ የመጣ፣ በልተሻል ወይ ብሎ የጠየቀ፣ ከዚያ የመኪና መስመር የሚያጠፋ ሰው በሕይወቴ ሁለተኛ ጊዜ ነው የማየው፤ የመጀመሪያው ጊዜ ምን እንዳመጣብን እኔ አውቃለሁ።

የላምባው ሽታ በመስኮት ገባና እጄን ይዞ ጎተተኝ። ያን ጊዜ ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ናቸው፤ እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሶዶ ዛሬ ባጃጅ የሚጋፋባት ከተማ ሳትሆን ገሚሷ ቆርቆሮ፣ ገሚሷ ሣር ክዳን ሆና ዳሞታ ተራራ ሥር የተቀመጠች፣ ጠዋት ጉም እንደ ጋቢ ለብሳ የምትነሳ ከተማ ነበረች። መኪና ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዱን በድምፁ እናውቀዋለን። የአውራጃው ላንድሮቨር ያስነጥሳል፣ የእህል ነጋዴው ፊያት ዳገት ሲወጣ እንደ አዛውንት ያቃስታል። ከሶዶ ሻንቶ በስሙኒ ይኬዳል፣ ዱቦ በሽልንግ፤ ዶሮ የያዘ ሰው ለዶሮው አይከፍልም፣ በግ የያዘ ግን እስኪደርስ ድረስ ይጨቃጨቃል። ዳቦ አምስት ሳንቲም ነው፣ ያውም ሁለት እጅ የሚሞላ። ለትምህርት ቤት አንድ የአቡጀዲ ቀሚስ፣ ለጸሎት ቤት አንድ አበባ ያለበት ቺት ነበረኝ። ነጭ ሸራ ጫማ ያላት ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ በጠመኔ ታነጣዋለች፤ እሑድ ስትሄድ ከኋላዋ ነጭ አቧራ ይቦናል፣ እኛም በቅናት እንከተላለን። ከገበያው ጥግ የጋሽ ሻፊ ሱቅ አለ፤ ቤተሰባቸው ከስልጤ የመጣ፣ ጨው፣ ላምባና ስኳር የሚሸጡ ደግ ሰው። ከሱቃቸው ትራንዚስተር ሬዲዮ የሚወጣውን ዘፈን እኛ የወንጌል አማኝ ልጆች መስማት የለብንም። ስለዚህ ክብሪት ስንላክ ክብሪቱን በጣም ቀስ ብለን ነበር የምንገዛው።

ታላቅ ወንድሜ ጴጥሮስ የጋሽ ሻፊ ሰማያዊ ፔጆ ሹፌር ነበር። ሹፌር ማለት ያን ጊዜ ትልቅ ነገር ነው! ካኪ ሱሪ፣ ቴትረን ሸሚዝ፣ በሸሚዙ ኪስ ማበጠሪያ። መንገደኛ እየጫነ ሻንቶ ይሄዳል፣ ዱቦ ይሄዳል፣ መንገዱ ሲደርቅ ቢጠና ድረስ ይወርዳል። አባታችን ቀድሞ ስላረፈ እናታችን ዓይኗን የጣለችው እሱ ላይ ነው። ቤታችን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ከእንሰቱ ጓሮ ቆሞ መንገዱ ሲጠማዘዝ ይታያል፤ እማዬ ማታ ማታ እዚያ ትቆምና «ይቺ ናት? አይደለችም። ያቺ ናት? አይደለችም» እያለች መኪና ትቆጥራለች። ጴጥሮስ ይህን አይቶ አንድ ቀን ቀይና ቢጫ ቀለም በቆርቆሮ ይዞ መጣ። ጠመኔ የተቀባ ሲባጎ ከፊት መብራት እስከ ኋላ መብራት ወጠረ፣ ከፈረስ ጭራ በሠራው ቀጭን ብሩሽ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ሁለት መስመር አሰመረ፤ ቀዩን ከላይ፣ ቢጫውን ከሥር። «በቃ እማዬ፣ ከእንግዲህ ከሩቅ ታውቂኛለሽ» አላት። ከዚያ ብሩሹን ለእኔ ሰጠኝና «አንቺ ጽሕፈትሽ ያምራል ይባላል፤ እስቲ በሩ ላይ አንድ ነገር ጻፊ» አለኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልኩራ። ያ ዓመት እኔ መጻፍ የቻልኩበት ዓመት ነው። መቅዳት ማለቴ አይደለም፣ ከራሴ አውጥቼ መጻፍ! ወረቀት ሳጣ የሙዝ ቅጠል ላይ በእሾህ እጽፋለሁ፤ ጠዋት የጻፍኩት ከሰዓት ይጠቁርና እንደ ማኅተም ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የሰፈር ሴቶች ሸንኮራ እርሻ ለሄዱ ልጆቻቸው ደብዳቤ ያጽፉኛል፤ እነሱ በወላይትኛ ይነግሩኛል፣ እኔ በአማርኛ አሳምሬ እጽፋለሁ፣ ያላሉትንም እጨምርላቸዋለሁ። እና ብሩሹን ተቀበልኩ። በሹፌሩ በር ላይ፣ በሁለቱ መስመሮች መሃል፣ በቢጫ «መጣሁ» ብዬ ጻፍኩ። እማዬ ማንበብ አትችልም፤ ግን ጣቷን እያስኬደች አጠናችው። «ይሄ መነጽሩ፣ ይሄ አንድ እግሩ የረዘመው፣ ይሄ ጆሮ ያለው ስኒ» ትልና ትስቃለች። ሦስቱን ፊደል በመልካቸው ለየቻቸው። እኔም መኪናዋ ባለፈች ቁጥር ሰው ሁሉ ጽሕፈቴን የሚያነብ ይመስለኝ ነበር።

ስለ እማዬ አንድ ነገር ሳልናገር ብቀጥል ግን ይህ ታሪክ አይገባም። በእኛ ሰፈር ሰው ርቆ ሞቶ መርዶ ሲመጣ፣ ለቤተሰቡ ሲነገር አብራ የምትሄደው ሴት እማዬ ነበረች። ሽማግሌዎቹ ከሷ ጋር ካልሆነ አይንቀሳቀሱም። ሥርዓቱን ታውቀዋለች። ሐዘንተኛዋ ሳትበላ አይነገራትም፣ አቅም ታጣለች። ከቀን በፊት አንድ ሰው ስኳር ወይም ማር ይዞ እንዲሁ ጎራ ይላል። የሟቹ ነገር፣ ልብሱም ይሁን ዱላው፣ ከዓይን ይሸሸጋል። የሚነገረው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ይቆማሉ፣ ስትወድቅ እንዲይዟት። መጀመሪያም ሞቷል አይባልም፤ ታሟል ይባላል፣ ክሊኒክ ገብቷል ይባላል፣ ቀስ በቀስ ነው የሚወረደው። እማዬ የስንቱን እናት ይዛ አልቅሳለች! ከመርዶ በተመለሰች ቀን ጴጥሮስ ሲመጣ ሳህኑን ከወትሮው አብልጣ ትሞላለታለች።

ያን ዓመት ጴጥሮስ የዱቦ ጉዞ አበዛ። ሻንቶ ገበያ በሆነበት ቀን እንኳ እሱ ዱቦ ነው። እማዬ ዓይኗን ጠበብ ታደርጋለች። «ዱቦ ምን አለ?»

«መንገደኛ አለ።»

«መንገደኛው ሁሉ ዱቦ ብቻ ነው የሚሄደው?»

«የሚሲዮኑ ክሊኒክ አለ እማዬ፣ በሽተኛ አመላልሳለሁ።»

«በሽተኛ ለማመላለስ ነው ፀጉርህን ቅቤ የቀባኸው?»

እኔ ከጓዳ ሆኜ እስቃለሁ። ዛሬ ይህን የሚሰሙ ልጆች አይገባቸውም እንጂ ያን ጊዜ የእኛ የአማኞች ቤት ከዱቦ ካቶሊኮች ቤት ጋር አይጋባም ነበር። ክፋት የለም፤ ገበያ እንገናኛለን፣ ሕመም ሲመጣ ክሊኒካቸው እንሄዳለን፤ ጋብቻ ግን የለም። እማዬ በአገሩ መጀመሪያ ካመኑት ቤተሰቦች ስለሆነች በዚህ ነገር ድንጋይ ናት። አንድ ቀን በጸሎት ቤት ደጅ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ከዱቦ መድኃኒት ይምጣልኝ፣ ሙሽራ ግን እኔ ሳልሞት አይመጣም» አለች። ጋሽ ቶማ የተባሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሰማይ ሰማይ አዩ። ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ከዚያ በአንድ የገበያ ቀን ጴጥሮስ ወጥቶ ማታ አልመጣም። በማግሥቱም አልመጣም። ቢጠና ጭነት ይዞ ሄዶ ነው ተባለ፤ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ እዚያ ማደሩ አዲስ አይደለም። እማዬ ግን ጓሮ ቆማ መኪና መቁጠሯን አላቆመችም፣ ፀሐይ ከጠለቀ በኋላም ቆማ ትቀራለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በመካኒኩ በጋሽ አንጁሎ ግቢ በኩል አልፋለሁ። አንድ ቀን ከአጥሩ ውስጥ የላምባ ሽታ መጣ፣ ጨርቅ ሲፈትግ ይሰማል። በቀዳዳ ባይ ሰማያዊዋ ፔጆ ከእንሰቱ ኋላ ተደብቃ ቆማለች። ቀዩ መስመር የለም! ቢጫው ከኋላ ተነስቶ እስከ በሩ ድረስ ጠፍቷል። ጋሽ አንጁሎ በላምባ የራሰ ጨርቅ ያሳርፋል፣ አመድ ነስነስ ያደርጋል፣ በቀንድ ማንኪያ ጠርዝ ቀስ አድርጎ ይልጣል። ጨርቁ «መ» ላይ ሲደርስ አልቻልኩም፣ ገባሁ።

«ጋሽ አንጁሎ! ጽሑፌ ነው እኮ!»

ሰውየው ደንግጦ ማንኪያውን ጣለ። «ማን አስገባሽ? ጽሑፍሽን ሌላ ቦታ ጻፊ።»

«ጴጥሮስ የት ነው?»

«ቢጠና።»

«መኪናው እዚህ ቆሞ በምን ሄደ?»

ማንኪያውን ከመሬት አነሳ። «እኔ እንጃ። ሂጂ ወደ ቤትሽ። መኪናዋን አይቻለሁ ብለሽ ለእናትሽ እንዳትነግሪ።» ልወጣ ስል ደግሞ ጠራኝ፤ ድምፁ ለስልሷል። «ማርታ… እናትሽ ደህና ናት? ትበላለች?»

እኔ በዚያ ዕድሜ የጠረጠርኩት ሌብነት ነው። መኪናዋን መልኳን ለውጠው ሊሸጧት ነው፣ ጴጥሮስ እንዳያውቅ አንድ ቦታ አቆይተውታል አልኩ። ለዳኛ የማቀርበውን አቤቱታ እያሳመርኩ፣ «ክቡር ሆይ» የሚለውን ከየት እንደምጀምር እያሰብኩ ቤት ደረስኩ። ስገባ ጋሽ ሻፊ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። በእግራቸው ዳገቱን ወጥተው ቤታችን መጥተው አያውቁም። ጉልበታቸው ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አለ።

«እትዬ ሣራ፣ ምሳ በልተዋል?»

«በልቻለሁ። ጴጥሮስ የት ነው?»

«ቢጠና ነው፣ ጭነት ላይ። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።»

«የት ነው አልኩህ እንጂ ደህና ነው ወይ አልኩህ?»

ጋሽ ሻፊ ላባቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ… የሁላችንም ነገር በፈጣሪ እጅ ነው፣ እትዬ ሣራ። ልጅ ያው ልጅ ነው። አንዳንዴ እናት ያላሰበችው ነገር…» ብለው ሳይጨርሱ ተነሱ፤ ስኳሩን አስቀምጠው፣ ጫማቸውን በትክክል ሳያጠልቁ ቁልቁል ወረዱ።

እማዬ ወረቀቱን ፈታችና ስኳሩን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ፣ «ማርታ፣ መኪናዋን አይተሻል?» አለችኝ። ፊቷን ሳይ መዋሸት አልቻልኩም። ጋሽ አንጁሎ ግቢ እንዳለች፣ መስመሯን እያነሱ እንደሆነ፣ ሊሸጧት እንደሆነ ነገርኳት።

«መስመሯን?» አለች።

«አዎ እማዬ፣ ሌቦች ናቸው! እጽፍባቸዋለሁ!»

«አይ ልጄ። ሊሸጣት ቢሆን ያሳምራት ነበር እንጂ ጌጧን አያነሳም። መስመሯን ያነሱት እኔ ከሩቅ እንዳላውቃት ነው። ያለ እሱ ስትመጣ እንዳላያት ነው።» መደቡ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ከታች ሰፈር ያቺ ባልቴት ልጇ የሞተባት ጊዜ፣ የሟቹ በቅሎ ብቻዋን ወደ ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ጠብቄ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ሌላ ግቢ ያሰርኳት እኔ ነኝ። ይህን ሥራ አውቀዋለሁ።»

አላለቀሰችም። ይልቅ ያስፈራኝ ያ ነው። ምድጃ ላይ የነበረውን ቦይና አውጥታ፣ እየላጠች፣ ሳትፈልገው አንድ በአንድ ዋጠችው። «ነገ አቅም ያስፈልገኛል» አለች። ከዚያ ነጠላዋን ገልብጣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ለሐዘን ለበሰችና ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። እኔ አቤቱታዬን ረሳሁት። ስለ «መጣሁ» ብቻ ነበር የማስበው፤ ቃሉን ከበሩ ላይ ሲያጠፉት ወንድሜንም ያጠፉት መሰለኝ።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ቶማ ከፊት፣ ጋሽ ሻፊና ጋሽ አንጁሎ ከኋላ፣ ሁለት የሰፈር ሴቶችም አሉ። ሴቶቹ ሳይነጋገሩ አንዷ በግራዋ አንዷ በቀኟ ቆሙ። እማዬ ቀኟን አየችና፣ «ያቺ የእኔ ቦታ ናት» አለች። የሴትየዋን ዓይን እንባ ሞላው።

ጋሽ ቶማ ጀመሩ፤ «ሰላም አደርሽ፣ እኅቴ ሣራ?»

«በልቻለሁ። ስኳሩንም በጥብጬ ጠጥቻለሁ። ተናገሩ።»

ሽማግሌው ያዘጋጁት ንግግር ጠፋባቸው። «እንግዲህ… የጌታ ፈቃድ ሲሆን… የሰው ሐሳብና የጌታ ሐሳብ…»

«የት ነው የወደቀው?»

«ኧረ አልወደቀም!»

«ታዲያ ታሟል በለኛ፣ ጋሽ ቶማ። መጀመሪያ እንደዛ ነው የሚባለው። ረሳኸው?»

«አልታመመም! አግብቷል!»

«ማንን?» አለች እማዬ።

ሁሉም ጋሽ ቶማን አዩ፣ ጋሽ ቶማ መሬት አዩ። «የዱቦ ልጅ ናት። ክሊኒኩ ውስጥ የምትሠራ፣ ቴሬዛ የምትባል። ወዳ ነው የመጣችው፣ እኅቴ፣ ማንም አላስገደዳት። አሁን ቢጠና፣ ከአንድ ሹፌር ወዳጁ ቤት ናቸው። ወንድሞቿ ግን ተቆጥተው ባለ ሁለት መስመሯን ሰማያዊ መኪና እንሰብራለን ብለው ድንጋይ ይዘው ሻንቶ መንገድ ላይ ይጠብቁ ነበር፤ ሻፊም መስመሯን ያስነሳው ለዚህ ነው። እኛ ከወላጆቿ ጋር ስንቀመጥ ሰነበትን። ትናንት ታረቅን። አንቺን ነው የፈራነው… እንዲያው እንዴት እንንገራት ስንል…»

ክፉ ዜና ለእናት የሚነግሩበት አንድ መንገድ ብቻ ነበራቸው፤ ያን መንገድ ደግሞ ከእማዬ ነው የተማሩት። ስኳሩም፣ በልተሻል ወይ የሚለውም፣ በጎሕ መምጣቱም፣ ሁለቱ ሴቶችም። እማዬ አንድ በአንድ አየቻቸውና ራሷን ነቀነቀች። «ይሄ አዲስ ነው» አለች። «እኔ ክሊኒክ ገብቷል ነበር የምለው። አግብቷል ብዬ አላውቅም። ጎበዞች ናችሁ።» ከዚያ «ታ ናአው!» አለች፤ በቋንቋችን ልጄ ማለት ነው። ለቅሶዋ ያን ጊዜ ወጣ።

ቢናገሩ፣ ቢለምኑ የሚያምን ማን ነው! ጋሽ ሻፊ «ወላሂ፣ ወላሂ በሕይወት አለ» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። በሕይወታቸው ምለው የማያውቁት ጋሽ ቶማ «እውነቴን ነው፣ ሣራ!» ሲሉ እማዬ በእንባዋ መሃል፣ «አንተ? ስንቱን እናት ደህና ነው ብለህ ስትዋሽ አብሬህ አልነበርኩም?» አለቻቸው። እኔ ራሴ ማንን እንደማምን አላውቅም፤ ጋሽ አንጁሎን እጁን ይዤ «ያሉት እውነት ነው? ለእኔ ንገረኝ» ስለው፣ በአመድ የቆሸሸ እጁን እያየ «እውነት ነው ልጄ» አለኝ። እንባው ይወርድ ነበር። ያ እንባ ደግሞ ይበልጥ አጠራጠረኝ። እማዬ በመጨረሻ አንድ ቃል ብቻ አለች፤ «አሳዩኝ።» ጋሽ አንጁሎ ወደ መኪናዋ ሮጠ።

ቢጠና ቅርብ አይደለም። እማዬ ጓሮ፣ መንገዱ የሚታይበት ቦታ፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰፈሩ ሰምቶ መጣ፤ ግን ምን ሰምቶ እንደመጣ ራሱም አያውቅም። ገሚሱ ነጠላውን ገልብጧል፣ ገሚሱ አልገለበጠም። አንዲት ጎረቤት በጆሮዬ፣ «ማርታ፣ ምንድን ነው፣ ለቅሶ ነው ሠርግ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «እኔ እልልም እንባም አዘጋጅቼ መጥቻለሁ፣ አንዱን ንገሪኝ» አለችና ከጎኔ ተቀመጠች። ፀሐይ ከራሳችን በላይ ሆነች፣ ወደ ምዕራብም ዘመም አለች። ላንድሮቨሩ እያስነጠሰ አለፈ። ፊያቱ እያቃሰተ አለፈ።

ከዚያ አንድ ሰማያዊ መኪና ከመታጠፊያው ብቅ አለ። እማዬ ዓይኗን በእጇ ጋርዳ አየችና፣ «አይደለችም» አለች። «ባዶ ናት። መስመር የላትም።» እኔም መስመሩ መላጡን እያወቅኩ ያቺ እርቃኗን የቀረች መኪና የእኛ አልመስል አለችኝ። ወደ እኛ ዳገት ስትታጠፍ ግን የከሰዓቱ ፀሐይ ጎኗ ላይ ወደቀ፤ ያን ጊዜ አየሁት። ፔጆዋ በፀሐይ ብዛት ነጣ ብላለች፤ መስመሮቹ የነበሩበት ቦታ ግን ዓመቱን ሙሉ ተሸፍኖ ስለኖረ ሰማያዊነቱ እንደ አዲስ ነው። ከፊት መብራት እስከ ኋላ መብራት ሁለት ቀጭን፣ ጥቁር ሰማያዊ መስመሮች። ቀለሙ ተነስቷል፣ መስመሩ አልሄደም!

እማዬ ብድግ አለች። መኪናዋ አጠገባችን ስትቆም በሩ ላይ ተንበረከከች ማለት ይቻላል፤ ጣቷን አሳረፈች። «መነጽሩ» አለች። «እግረ ረጅሙ። ስኒው።» ከዚያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበች፤ «መ…ጣ…ሁ።» እኔ እዚያው አለቀስኩ። እሷ ግን አሁንም አላመነችም፤ «ይህን ያለው መኪናው ነው። ልጁስ?» አለች።

በሩ ተከፈተና ጴጥሮስ ወረደ፤ ቴትረን ሸሚዙ ተጨማዶ፣ ማበጠሪያው ከኪሱ ጠፍቶ። እማዬ ፊቱን፣ ትከሻውን፣ እጁን ዳሰሰች፣ እንደ ገበያ ዕቃ አገላብጣ አየችው። ደረቱን በቡጢ አንድ ጊዜ መታችው። ከዚያ ትታው በወዲያኛው በር ዞረች። እዚያ አንገቷን የደፋች፣ ነጭ ሸራ ጫማ ያደረገች ቀጭን ልጅ ተቀምጣለች። እማዬ አፏን ከፈተች፤ ግን ቃል ሳይወጣ እግሯ ከዳት። ሁለቱ የመርዶ ሴቶች ሳይደርሱ ልጅቷ ከመኪናው ዘላ ያዘቻት፤ እንደ ክሊኒክ ልማዷ አንጓዋን ጨብጣ ማዳመጥ ጀመረች።

«ምን ይላል?» አለች እማዬ በደከመ ድምፅ።

«ይመታል፣ እማማ። በደንብ ይመታል።»

«ከንጋት ጀምሮ ያለቀስኩት ለአንቺ ነው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ።»

እማዬ ከፀጉሯ እስከ ሸራ ጫማዋ አየቻት። ጸሎት ቤት ደጅ ላይ ያለችውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ጋሽ ቶማም መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ እማዬ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ አዙሪልኝ ብላ ለእኔ ሰጠችኝና ልጅቷን፣ «በልተሻል?» አለቻት።

«አልበላሁም።»

«ግቢ።»

ጎረቤቴ ከዚያ በላይ አልጠበቀችም፤ ያዘጋጀችውን እልልታ ለቀቀችው።

ሰላም ሲሆን፣ የቴሬዛ ወንድሞችም ቤታችን ገብተው መብላት ሲጀምሩ፣ ጴጥሮስ መስመሮቹን መልሼ ልቀባ አለ። እማዬ እምቢ አለች። «ቀለሙን ሻንቶ መንገድ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ይሄኛውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አለች። መኪናዋ እስክትሸጥ ድረስ እንዲሁ ኖረች፤ ፀሐይ ዘመም ሲል ብቻ የሚታይ መስመር፣ ፀሐይ ዘመም ሲል ብቻ የሚነበብ ጽሕፈቴ። እማዬም መርዶ ስትጠራ አልቀረችም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ስኳር ይዛ ሄዳ አታውቅም።

አሁን ምስጋና ከግቢ ይጣራል። «እማማ! እስቲ ነይ እዪው! ሙጫው ሁሉ ለቀቀ፣ ግን መስመሩ አሁንም ይታያል፤ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ሌላ ነው!»

«ይታያል» አልኩት በመስኮት።

«ታዲያ ምን ይሻላል? ሰው እንዲያውቀኝ አልፈልግም እኮ!»

ሁለቱን ኪሎ ስኳር አየሁ። ከዚያ ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ ወደ በሩ ሄድኩ፣ ጨርቁን በእጁ እንደያዘ ዓይን ዓይኑን አየሁት።

«በልቻለሁ፣ ምስጋና» አልኩት። «አሁን ንገረኝ፤ ያገባሃት ማንን ነው?»